የፈጣን ጀልባን ሆድ ማቃናት፦ ድሬዳዋ ላይ የሠራነው ሥራ

ድሬዳዋ ውስጥ የጀልባ ሆድ አቃናለሁ ስል ሰው ይስቃል። አይፈረድባቸውም። የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ውሃ የሚያየው ዝናብ ሲጥል ነው፤ ያኔም የሚያስሸሽ ውሃ እንጂ ጀልባ የሚነዳበት አይደለም። የሐረማያ ሐይቅም ቢሆን ደርቆ የተመለሰ ሐይቅ ነው። እኔ ግን የፋይበር ግላስ ሰው ነኝ። የውሃ ታንከር እጠግናለሁ፣ የባጃጅ ጣሪያ እሠራለሁ፣ የተሰበረ ባምፐር አያይዛለሁ። ጀልባም ያው የመስታወት ክርና ሬዚን፣ ማለትም ክሩን የሚያጣብቀው ሙጫ ነው። ልዩነቱ የቅርጹ ጉዳይ ነው፤ ታንከር ሁለት ሚሊ ሜትር ቢጎብጥ ማንም አያውቅም፣ ፈጣን ጀልባ ግን ታውቃለች።

ይህን የምጽፈው በላንጋኖ፣ በቆቃ፣ በባቦጋያ ወይም በጣና ላይ ባለሞተር ጀልባ ኖሯችሁ «ሞተሩ ደህና ነው፣ ግን አትሮጥም» ለምትሉ ነው። ትልቅ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት የሆዷን የኋላ ሁለት ሜትር ለኩ። በእኔ እምነት ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው።

እኔ ዘንድ የመጣችው ጀልባ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ናት። ሆዷ የ«ቪ» ቅርጽ አለው፣ ኋላዋ ላይ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ተሰቅሏል። ባለቤቷ የድሬ ልጅ ነው። ያገለገለች ሆና ከጅቡቲ ገዝቷት ላንጋኖ አስቀምጧታል። ቅሬታው ሦስት ነበር። ጋዙን እስከ መጨረሻው ቢሰጣት በሰዓት ከ54 ኪሎ ሜትር አታልፍም። አፍንጫዋን ወደ ውሃው ትደፋለች፣ ሞተሩን በትሪም (የሞተሩን ማዘንበል በሚያስተካክለው) ቢያቀናው እንኳ ቀና አትልም። ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ለዚህ መድኃኒት ብሎ የበረዶ ሳጥኑን በቀኝ በኩል ያስቀምጥ ነበር።

«ሞተሩን 150 ላድርገው ነው» አለኝ።

«አቦ ቆይ! መጀመሪያ ሆዷን እንያት» አልኩት።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ላስረዳ። ጀልባ ቀስ ብላ ስትሄድ ውሃውን እየሰነጠቀች ነው የምትሄደው። ክብደቷን የሚሸከመው የምትገፋው ውሃ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ነገሩ ይለወጣል። የሚመጣው ውሃ ሆዷን ከስር ይመታና ወደ ላይ ያነሳታል። ያኔ የፊት ክፍሏ ከውሃ ይወጣል፤ የምትሮጠው በኋላዋ ብቻ ነው። ስለዚህ አፍንጫዋ ላይ ያለ ጭረት ብዙም አይጎዳም። ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለው ጠፍጣፋ ግን ሁሉን ይወስናል።

እዚያ ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት በሽታ አለ። አንደኛው ስርጉደት ነው፤ ሆዱ ወደ ውስጥ ገብቶ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ይደፋል። የተደፋችው ጫፍ ውሃውን ወደ ታች ትገፋለች፣ ውሃውም መልሶ የጀልባዋን ኋላ ወደ ላይ ያነሳል። ኋላ ሲነሳ አፍንጫ ይደፋል። የሚነካው ሆድ ይበዛል፣ ፍትጊያ ይጨምራል፣ መሪው ይከብዳል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሆዱ ወደ ውጭ ያብጣል። ውሃ እብጠቱን ተከትሎ ሲታጠፍ የጀልባዋን ኋላ ወደ ታች ይስባል፣ አፍንጫዋም ይሰቀላል። እንዲህ ያለች ጀልባ ፍጥነት ላይ ስትደርስ እየተነሳችና እየወደቀች ትዘላለች። ብዙ ሰው መዝለሉን የማዕበል ጥፋት ያደርገዋል። ሐይቁ ጸጥ ብሎ እያለ የምትዘል ከሆነ ግን ክብደት አቀማመጧንና ሆዷን ጠርጥሩ።

የእኛዋ የመጀመሪያው በሽታ ምልክቶች ነበሯት። ወደ ግራ ማዘንበሏም አንድ ነገር ይናገራል። ስርጉደቱ በቀኝ ከባሰ ቀኙ ኋላ ይበልጥ ይነሳል፤ ጀልባዋ ወደ ግራ ትወድቃለች።

ገለበጥናት። ሞተሩ፣ ባትሪውና የነዳጅ ታንኩ ወጥተው የሰፈር ልጆች ተባብረው አነሷት። ታይዋን ገበያ የሚሠራ አንዱ «መርከብ መጣ» ብሎ ሰፈሩን ሰበሰበው። ጫፎቿን አሮጌ ጎማ ላይ አሳረፍናት። በውሃ ልክ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ አስተካከልን። ይህን አትዝለሉ። ጠማማ ሆና የተቀመጠች ጀልባ ትጣመማለች፤ ያኔ የምትለኩት የጎማውን ጥፋት ነው።

ቀጥሎ ቀጥ ያለ ነገር ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ሜትር ከግማሽ የሆነ አራት ማዕዘን የአሉሚኒየም ዘንግ ነበረኝ፤ ለመስኮት ሥራ የሚሸጠው ዓይነት። ድሬ ደግሞ የባቡር ከተማ ናት። ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕም የብዙ ባለሙያ እናት ነው። ከዚያ ጡረታ የወጡ ጎረቤት አሉኝ። ጋሼ ዘንጉን በእጄ አዩና «አንተ ልጅ፣ ይሄ ዘንግ ቀጥ ያለ መሆኑን በምን አወቅክ?» አሉኝ። እሳቸው ያሳዩኝ ዘዴ ይህ ነው። ዘንጉን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አስቀምጣችሁ በቀጭን እርሳስ መስመር አስምሩ። ከዚያ ዘንጉን ገልብጡና ያንኑ ጠርዝ በዚያው መስመር ላይ ከሌላው ወገን አስጠግታችሁ እንደገና አስምሩ። ሁለቱ መስመሮች ከተገጣጠሙ ዘንጉ ቀጥ ነው። መሃል ላይ ከተራራቁ ዘንጉ ጎባጣ ነው፤ ሌላ ፈልጉ።

መለካቱ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ዘንጉን ከኋላ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ፊት፣ ከኪሉ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ታስቀምጣላችሁ። ኪል የምለው ከፊት እስከ ኋላ መሃሉን ይዞ የሚሄደውን መስመር ነው። ከወዲያ በኩል ባትሪ ታበራላችሁ። ብርሃን ሾልኮ የሚታይበት ቦታ ጎድጓዳ ነው። ጥልቀቱን ለማወቅ ልዩ መለኪያ አያስፈልግም፤ የመሰርሰሪያ ጫፎች ይበቃሉ። የ2 ሚሊ ጫፍ ከስር ካለፈ፣ የ3 ሚሊው ካላለፈ፣ ክፍተቱ በሁለቱ መሃል ነው። በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ለኩና ቁጥሩን እዚያው ሆዷ ላይ በማርከር ጻፉ። ሲያልቅ ካርታ ይሆንላችኋል።

የእኛ ካርታ የጠረጠርነውን ተናገረ። ግራው 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ገብቷል። ቀኙ እስከ 5 ሚሊ ሜትር። ከኋላ ጠርዝ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ባለው ቦታ ላይ ነው የገባው። ባለቤቷ «በቃ አምስት ሚሊ? ለዚህ ነው?» አለ። በዝግታ ለሚሄድ የዓሣ አስጋሪ ጀልባ ምንም አይደለም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለምትሮጥ ግን ብዙ ነው፤ ውሃ በዚያ ፍጥነት እንደ ድንጋይ ጠንካራ ሆኖ ነው የሚመታው።

ስርጉደቱ ከየት መጣ? ተጎታቿን አየን። ጀልባዋ የምትተኛባቸው ሁለቱ ረጃጅም እንጨቶች እስከ ኋላ ጠርዝ አይደርሱም፤ ግማሽ ሜትር ያህል ቀድመው ያልቃሉ። ከኋላ የተንጠለጠለው ሞተር ክብደት ሁሉ እንጨቶቹ ጫፍ ላይ ያርፋል። በዚህ ዓይነት ከጅቡቲ ድሬ፣ ከድሬ በአዋሽና በሞጆ አድርጋ ላንጋኖ ሄዳለች። ከዚያም ፀሐይ ላይ ቆማለች። ፋይበር ግላስ በሙቀትና በማያቋርጥ ጫና ቀስ እያለ ቅርጹን ይለውጣል። ስለዚህ ተጎታቹን ሳያስተካክሉ ሆዱን ማቃናት በከንቱ መድከም ነው፤ እንጨቶቹ በዚያው ቀን ተቀይረው ከኋላ ግድግዳው በታች ድረስ እንዲደርሱ ተደረገ።

ሌላም ነገር አለ። ጎድጓዳውን ከመሙላት በፊት ጠንካራ መሆኑን አረጋግጡ። በትንሽ መዶሻ ወይም በሳንቲም ቀስ እያላችሁ መላ ሆዷን አንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ካለ ድርቦቹ ተላቀዋል ወይም ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል። እኛ በቀኝ በኩል የታፈነ ድምፅ አገኘን። ወለሉን ከውስጥ ከፍተን ስናይ፣ በርዝመቱ የሚሄደው የውስጥ ማጠንከሪያ ከሆዱ ጋር የተያያዘበት ፋይበር ተላቅቋል። እዚያ ላይ ሆዱ ሲጫኑት ይነቃነቃል። እንዲህ ሆኖ ቢሞላ ሙሌቱ በመጀመሪያው ማዕበል ይሰነጠቅ ነበር። መጀመሪያ ማጠንከሪያውን በአዲስ ፋይበር መልሰን አሰርነው።

አሁን ስለ ድሬ ፀሐይ ላውራ፤ ሥራው ላይ ትልቁ ወዳጄም ትልቁ ጠላቴም እሷ ነበረች።

ወዳጅነቷ በማድረቅ ነው። ውሃ ላይ የከረመ ፋይበር ግላስ እርጥበት ይመጥጣል። እርጥብ ላይ የተለጠፈ ሬዚን ይላቀቃል። ባሕር ዳርቻ ያሉ ሠራተኞች ጀልባ ለማድረቅ ረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ፤ የድሬ ደረቅ አየር ግን ያንን ያሳጥረዋል። መድረቁን የማውቀው በላስቲክ ነው። የላይኛው ለስላሳ ሽፋን ተፍቆ ከተነሳ በኋላ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ግልጽ ላስቲክ አራቱን ጠርዝ በማጣበቂያ ቴፕ አሽጌ እለጥፋለሁ። በማግስቱ ከላስቲኩ ስር ጤዛ ከታየ ገና ነው። ካልታየ መጀመር ይቻላል።

ጠላትነቷ ደግሞ ሬዚኑ ላይ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሬዚን የሚሠራበት ጊዜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ለ20 ወይም ለ25 ዲግሪ ነው። ግንቦት ላይ ከቀትር በኋላ ድሬ 35 ስትገባ ያ ቁጥር አይሠራም። በባልዲ በብዛት ያቀላቀላችሁት ሬዚን እጃችሁ ላይ ይፈላል፣ ያጨሳል። ትንሽ ትንሽ አቀላቅሉ። እንደቀላቀላችሁም ሰፊ ትሪ ላይ አፍስሱት፤ ስስ ሆኖ ሲዘረጋ ሙቀቱ ይወጣለታል፣ ጊዜም ታገኛላችሁ።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ብዙዎቻችን ጠዋት ገና ሲበርድ መሥራት እንመርጣለን። ለሰው ጥሩ ነው፣ ለሬዚን አይደለም። ጠዋት የቀባችሁት ሬዚን ሳይደርቅ ፀሐይ ትወጣለች። በፋይበሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው አየር ይሞቅና ይለጠጣል፣ እየተነፈሰ ይወጣል። ሙሌቱ በጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላል። እኔ የምመርጠው አስር ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ሰው ከበርጫ ሳይነሳ። ጀልባዋ ቀኑን ሙሉ ጥላ ስር ትውላለች። ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ሬዚኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሌሊቱን በቀስታ ይጠነክራል።

የትኛው ሬዚን? ታንከርና ባምፐር የምሠራው በፖሊስተር ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። ለዚህ ሥራ ግን ኤፖክሲ ይሻላል። አሮጌ ፖሊስተር ላይ ኤፖክሲ በደንብ ይይዛል፤ ውሃም ብዙ አያስገባም። ተቃራኒው አይሠራም፦ በደረቀ ኤፖክሲ ላይ ፖሊስተር በደንብ አይይዝም። ስለዚህ በኤፖክሲ ከጀመራችሁ በኤፖክሲ ጨርሱ። አንዳንድ ኤፖክሲ ሲደርቅ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ቅባት ይወጣዋል። ያ የሚለቀው በውሃና በስፖንጅ ነው፤ ሳታጥቡ በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትጉት ወረቀቱን ይዘጋዋል፣ ቀጣዩ ድርብም አይይዝም።

ስቱኮ የሚሉኝ አሉ። ለመኪና ቦዲ የሚሆነው ስቱኮ ከውሃ መስመር በታች አይገባም፣ በቃ። ውስጡ ያለው ዱቄት ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይላቀቃል። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፤ ሐይቅ ላይ ሲረግፍ ግን እጥፍ ይከፈላል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሆዷን በሳሙና አጥበን፣ ቀጥሎ ቅባትና ሰም በሚያነሳ ፈሳሽ ጠረግናት። ይህ ከመፋቅ በፊት ነው የሚሆነው፤ ሰሙ እያለ ከፈተጋችሁ ወደ ውስጥ ታስገቡታላችሁ። ከዚያ የሚሠራበትን ቦታ ሁሉ በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንድም የሚያብረቀርቅ ነጥብ እስከማይቀር ፋቅን። ወደ ታች የተደፋችውን የኋላ ጫፍ ፈግፍጎ ማውረድ አቋራጭ ይመስላል፤ እኔ በጣም ጥቂት ብቻ ነው የነካሁት። እዚያ ያለው ፋይበር የኋላ ግድግዳውን ከሆዱ ጋር የያዘው ነው። እሱን ከማሳሳት ጎድጓዳውን መሙላት ይሻላል።

በቀኝ በኩል ጥልቅ የሆነውን ቦታ መጀመሪያ በመስታወት ጨርቅ ነው ያነሳነው። ትንሹን ቁራጭ ከስር፣ ተለቅ ያለውን ከላይ፣ እያሰፋን ሄድን። ወፍራም ሙሌት ብቻውን ሲመታ ይሰነጠቃል፤ ከስሩ ጨርቅ ካለ ይሸከመዋል። የቀረውን በኤፖክሲና ጥቃቅን የመስታወት አረፋ በተቀላቀለ ለስላሳ ሙሌት ጨረስን። ሙሌቱን በስፓቱላ አይደለም ያስተካከልነው። ስፓቱላ አጭር ነው፤ የጎድጓዳውን ቅርጽ ይከተላል። ያንኑ ረጅም ዘንግ በቴፕ ጠቅልለን ከደህናው የፊት ክፍል እስከ ኋላ ጠርዝ ድረስ ጎተትነው። ግንበኛ ልስን እንደሚያስተካክል ማለት ነው። ዘንጉ ራሱ ቀጥ ያለውን መስመር ይሠራዋል።

ቀጥሎ መፈተግ መጣ፤ ክንድ የሚፈትን እሱ ነው። በእጅ መዳፍ ወይም በትንሽ ማሽን ከፈተጋችሁ ለስላሳ ግን ሞገደኛ ሆድ ታገኛላችሁ። ከ70 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፋችሁ፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ በሰያፍ ፈትጉ። ከመጀመራችሁ በፊት ጥቁር ስፕሬይ በስሱ አዳርሱ። ጥቁሩ ቶሎ የሚለቅበት ከፍ ያለ፣ የማይለቅበት ዝቅ ያለ ነው። ዓይን የማያየውን ያሳያል። እንደገና ሙሉ፣ እንደገና ፈትጉ። የመሰርሰሪያ ጫፎቹ ሲመለሱ የ1 ሚሊው ጫፍ የትም አላለፈም። እዚያ ላይ አቆምን።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን የገረመኝ የጠርዞቹ ነገር ነው። የጀልባዋ የኋላ ጠርዝ፣ ሆዱ ከኋላ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ክብ ብሏል። ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንድትላቀቅ ስለሚፈለግ ብዙ ጀልባ እንዲሁ ነው። ክብ ጠርዝ ግን ውሃን አይለቅም። ካላመናችሁ ቧንቧ ክፈቱና የማንኪያ ጀርባ ወደሚወርደው ውሃ አስጠጉ፤ ውሃው ማንኪያውን ይዞ ይታጠፋል፣ ማንኪያውም ወደ ውሃው ይሳባል። ጀልባም ኋላ ላይ እንዲሁ ትሳባለች። ጠርዙ ስለት ከሆነ ውሃው ተቆርጦ ይሄዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰም የተቀባ የአሉሚኒየም ማዕዘን የኋላ ግድግዳው ላይ አስሩ፤ ጫፉ ከሆዱ መስመር ጋር ትክክል ይሁን። በክቡ ጠርዝና በማዕዘኑ መሃል የቀረውን ክፍተት በኤፖክሲና በሲሊካ ዱቄት ሙሉ። እዚህ ለስላሳውን ሙሌት አትጠቀሙ፣ ጠርዝ ላይ ይሸረፋል። ሲደርቅ ማዕዘኑን አንሱ። ጣት ቢነካው የሚያስጠነቅቅ ጠርዝ መውጣት አለበት። ሆዱና ጎኑ በሚገናኙበት ጠርዝም፣ በኋላው ሁለት ሜትር ላይ፣ እንዲሁ አደረግን። በሆዷ ርዝመት የሚሄዱት ሸንተረሮችም ሥራቸው ውሃውን ወደ ታች መስበርና መልቀቅ ስለሆነ የውጭ ጠርዛቸውን አሳልናቸው።

በመጨረሻ ሁሉንም በንጹህ ኤፖክሲ ዘግተን፣ ሁለት ተቀላቃይ ባለው ቀለም ቀባን። ኤፖክሲ ፀሐይን አይችልም፣ ቀለም ግድ ነው። እንደ መስታወት እስኪያበራ ማሻሸት አያስፈልግም። በ400 ቁጥር በውሃ ከተፈተገ ይበቃል።

ባለቤቷ መሃል ላይ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ስልኩ ላይ የእሽቅድምድም ጀልባ አይቶ ኖሯል። «ሆዷ ላይ ደረጃ እንቁረጥላት፤ ወይም ኪሉን ጠፍጣፋ እናድርገው» አለ። ሁለቱም እውነተኛ ዘዴዎች ናቸው። ደረጃው ከሆዱ ስር አየር ያስገባና ፍትጊያ ይቀንሳል። ጠፍጣፋው ኪል ጀልባዋ በጠባብ የሆድ ክፍል ብቻ ውሃውን እየነካች እንድትሮጥ ያደርጋታል። ግን ደረጃ የሚቆረጠው የሆዱ ሸክም በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ የውስጡ አሠራር ሁሉ አብሮ መታሰብ አለበት። ቦታው ትንሽ ቢሳሳት ጀልባዋ መታጠፊያ ላይ ኋላዋን ታስወነጭፋለች። ጠፍጣፋ ኪል ያላት ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት ከጎን ወደ ጎን መወዛወዝ ትጀምራለች፣ የለመደ እጅ ይፈልጋል። ቤተሰብ ጭኖ ለሚሄድ ሰው አልመክርም።

ደግሞ የ«ቪ» ሆድ ዝም ብሎ አልመጣም። አሜሪካዊው ሬይ ሀንት ጥልቅ «ቪ»ን እስከ ኋላ ድረስ የዘረጋው ለማዕበል ብሎ ነው። የእሱን ንድፍ የያዘችው «ሞፒ» የምትባል ጀልባ በ1960 እ.ኤ.አ. ከማያሚ እስከ ናሶ በተደረገው ውድድር በአስቸጋሪ ባሕር ላይ አሸንፋለች። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም ወደዚያ ቅርጽ የዞረው። ላንጋኖ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ያንን «ቪ» ትመርቁታላችሁ። እኛ የሠራነው ንድፍ አውጪው ያሰበውን ቅርጽ መመለስ ነው እንጂ አዲስ ቅርጽ መፍጠር አይደለም።

ሙከራው ላንጋኖ ላይ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ ነበር። ያው ፕሮፔለር (ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው የሞተሩ ክንፍ)፣ ያው ሁለት ሰው፣ ያው ግማሽ ታንክ ነዳጅ። ፍጥነት በስልክ ጂፒኤስ፣ ወደ አንድ አቅጣጫና ተመልሶ ተለካ፤ ነፋስ እንዳያታልል ነው። የበረዶ ሳጥኑ መሃል ላይ ተቀመጠ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ ሄደች። በሰዓት 59 ኪሎ ሜትር መታች። ከዚያ ሞተሩን አንድ ቀዳዳ ወደ ላይ ሰቀልነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 61 ሆነ። ሆዱ ሳይስተካከል ሞተሩ ከፍ ቢል ፕሮፔለሩ አየር ይይዝ ነበር፤ አሁን ግን የሚደርሰው ውሃ ንጹህ ነው። ከፍ ስታደርጉ ዓይናችሁ ሞተሩ የሚያወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ ላይ ይሁን። ከቀነሰ መልሳችሁ አውርዱት።

ፍጥነት ብቻውን ግን ሙሉውን አይናገርም። ይህን ስሌት ተጠቀሙ፦ የሞተሩ ዙር በደቂቃ፣ ሲባዛ የፕሮፔለሩ ፒች (ሳይንሸራተት በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት) በኢንች፣ ሲባዛ 0.001524፣ ሲካፈል ለማርሹ ሬሾ (ፕሮፔለሩ አንዴ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር)። የሚወጣው ምንም መንሸራተት ባይኖር የሚደረስበት የሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። የእኛ ፕሮፔለር 17 ፒች፣ ማርሹ 2 ለ 1 ነው። በፊት በ5,200 ዙር ስሌቱ 67 ይሰጣል፤ የተገኘው 54 ነው። ሃያ ከመቶው እየተንሸራተተ ይባክን ነበር። ከሥራው በኋላ በ5,450 ዙር ስሌቱ 70 ከግማሽ ይሰጣል፤ የተገኘው 61። ብክነቱ ወደ አስራ ሦስት፣ አስራ አራት ከመቶ ወረደ። እንዲህ ላለች ጀልባ ጤነኛ ቁጥር ነው።

የከፍታን ነገር አትርሱ። ላንጋኖ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ነው። ተራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት ከመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 115 የተባለው ሞተር እዚያ መቶም አይሞላም። ጅቡቲ ላይ ትሮጥ ነበር ብሎ ሻጩ ቢምል አልዋሸ ይሆናል። ከባሕር ዳር የመጣ ፕሮፔለር ሐይቆቻችን ላይ ሞተሩን ካከበደው፣ ማለትም ዙሩ አምራቹ ከሚለው በታች ከቀረ፣ ፒቹን አንድ ወይም ሁለት ኢንች ቀንሱ።

ስለ ጤናም ጥቂት። የፋይበር ብናኝ በነጠላና በሻሽ አይከለከልም፤ ለብናኝና ለጋዝ የሚሆን ማጣሪያ ያለው ማስክ ግዙ። የፖሊስተር ካታሊስት (ማድረቂያው ፈሳሽ) ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፣ መነጽር አድርጉ። ካታሊስትና ኮባልት የሚባለው ማፋጠኛ በቀጥታ ፈጽሞ አይቀላቀሉም፤ ይፈነዳሉ። ላንጋኖ ላይም የሞተር ማጥፊያውን ገመድ እጃችሁ ላይ እሰሩ፣ ከዋናተኛ ራቁ።

ባለቤቷ አሁን የ150ውን ሞተር ነገር አያነሳም። ከእሱ ጋር የተስማማነው ግን አንድ ሥራ አለ። በየዓመቱ ጀልባዋ ለክረምት ስትወጣ ያንኑ ዘንግና ያንኑ የመሰርሰሪያ ጫፎች ይዞ ቀኙን ኋላ ይለካል። ቁጥሮቹን ተጎታቹ ላይ በቀለም ጽፈንለታል። የ2 ሚሊው ጫፍ ማለፍ ከጀመረ ይደውልልኛል፤ ያኔ ጎድጓዳውን ሳይሆን መጀመሪያ ማጠንከሪያውን ነው የምንከፍተው።